ልጆችን በስልክ ከሚያጠምዱ ሰዎች ለመጠበቅ፦ ወላጅ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በሰሜን ሸዋ ከገጠር የመጡ ብዙ ልጆች ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ስንቁ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ስልኩ ግን ሌት ተቀን ከእጃቸው አይለይም። ልጆችን በኢንተርኔት ለወሲብ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ እንዲህ ጠያቂ የራቀውን ልጅ ይወዳል።

አጥማጁ የማናውቀው ሰው ነው ብሎ ማሰብ

የሰፈር ሰው፣ ዘመድ፣ አስጠኚም ሊሆን ይችላል። የማይታወቅ ከሆነም እኩያ መስሎ ነው የሚመጣው። ቲክቶክ ላይ ያደንቃል፣ ፍሪ ፋየር አብሮ ይጫወታል፣ ከዚያ «ቴሌግራም ላይ እናውራ» ይላል። «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» የሚባለውንም ተዉት። ወንዶችም በራቁት ፎቷቸው እየተስፈራሩ ገንዘብ ይጠየቃሉ።

ካርዱ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ

ለእኔ ትልቁ ምልክት ይሄ ነው። ልጅቷ ብር የላትም፤ ፓኬጇ ግን አያልቅም። አንድ ሰው ካርድ ይሞላላታል፣ በቴሌብር ትንሽ ትንሽ ይልክላታል። መጀመሪያ ስጦታ ነው። ቀጥሎ «አንድ ፎቶ ብቻ»። ከዚያ ማስፈራሪያ። ሰው ሲገባ ስልኩን መደበቅ፣ ሁለተኛ ሲም ካርድ፣ መልእክት በገባ ቁጥር መደንገጥ፣ ከትምህርት መቅረትም አለ። አንዱ ብቻውን የጉርምስና ጸባይ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስቱ በድንገት ሲገጣጠሙ ግን ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ከእናንተ ቀድመው የሚያዩት አከራይዋ ናቸው፤ ስንቅ ስታደርሱ እሳቸውንም ጠይቁ።

ስልኩን ቀምቶ መግረፍ

አስፈራሪው «ለአባትሽ ብትነግሪ ይገድልሻል» እያለ ነው ዝም ያሰኛት። ከገረፋችኋት እሱ እውነቱን ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት።

በንዴት መልእክቱን ማጥፋት

ቴሌግራም ላይ አስፈራሪው ራሱ ወሬውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ስክሪንሾት አንሱ፤ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ የቴሌብር መልእክቱን ያዙ። የልጁን ፎቶ ግን «እዩልኝ» ብላችሁ ለማንም አትላኩ። ብርም አትክፈሉ፤ የከፈለ እንደገና ይጠየቃል። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶውን ራሱን ሳይቀበል፣ ዲጂታል አሻራውን (ምስሉን የሚለይ ኮድ) ብቻ ወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ እንዳይሰራጭ ያግዛል።

በሽምግልና መጨረስ

አጥፊው የአገር ሰው ሲሆን ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ «የልጅቷ ስም ይጠፋል» ይባላል። ሽምግልና ለድንበር ጠብ ደግ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። የታረቀው ሰው ያንኑ ስልክ ይዞ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በወሲባዊ መልእክት ወይም ምስል የሚያማልል ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ስልኩን ከነማስረጃው ይዛችሁ ቅርባችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለውን ሰው ጠይቁ።