የፓይተን ፓኬጅ አልገነባ ሲል፦ የስሪት ግጭቶች ችግርና መፍትሄ

የፓይተን ፓኬጅ መገንባት ሲያቅት አብዛኛው ሰው የሚያነበው የስህተቱን የመጨረሻ መስመር ነው። ነገር ግን ፒፕ (የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነው መሣሪያ) በመጨረሻ የሚጽፈው ሥራው የት ላይ እንደቆመ እንጂ ለምን እንደቆመ አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ይገኛል። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት የሚገባው ችግሩ የተፈጠረው ፒፕ ስሪት ሲመርጥ፣ ፓኬጁ ሲገነባ ወይስ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሲጠራ መሆኑን ነው፤ ለአንዱ ደረጃ የሚበጀው መፍትሄ ለሌላው አይፈይድምና።

ስሪት በመምረጥ ላይ

ፓኬጁ በፓይፒአይ (የፓይተን ፓኬጆች የሚገኙበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ በግልጽ እየታየ ፒፕ ተስማሚ ስርጭት አላገኘሁም ካለ፣ የፓኬጁ ስሪት የሚጠይቀው ፓይተን እርስዎ ከሚጠቀሙበት የተለየ መሆኑን ይጠርጥሩ። ፒፕ የማይስማሙ ስሪቶችን እንደሌሉ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። በተጨማሪም አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ፓይተን ሲኖር ፒፕ የሌላው ፓይተን ሊሆን ስለሚችል፣ ትእዛዙን «ፓይተን -ኤም ፒፕ» ብሎ መጀመር ይህን ጥርጣሬ ያስቀራል።

ሁለት ፓኬጆች የአንድን ሦስተኛ ፓኬጅ የማይታረቁ ስሪቶች ሲፈልጉ ደግሞ ፒፕ ጭነቱን አልቀበልም ይላል። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፒፕ 20.3 በፊት ይህን ዓይነቱን ግጭት ችላ ብሎ ይጭን ስለነበር፣ ለዓመታት ያለ ችግር ያገለገለ የፓኬጆች ዝርዝር በአዲሱ ፒፕ ሲወድቅ ግጭቱ አዲስ ነው ማለት አይደለም። መልእክቱ የትኛው ፓኬጅ የትኛውን ስሪት እንደጠየቀ ስለሚዘረዝር፣ ያለ በቂ ምክንያት በ«==» በአንድ ስሪት ብቻ የተቆለፈውን ማላላት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

በግንባታ ላይ

ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ግን ይህ ነው፦ ከኮዱ አንድም ፊደል ሳይለወጥ ትናንት የተገነባ ፓኬጅ ዛሬ አልገነባ ይላል፤ እንደ ሳይተን ወይም ሴትአፕቱልስ ያለውን የግንባታ መሣሪያ በእጅ ወደ ቀድሞው ስሪት ቢመልሱም ስህተቱ አይለወጥም። ምክንያቱ ፒፕ ግንባታውን የሚያካሂደው እርስዎ ባዘጋጁት ኢንቫይሮመንት (ፓኬጆች ተጭነው በሚሠሩበት አካባቢ) ውስጥ አለመሆኑ ነው። በፓይፕሮጀክት ቶምል ፋይል ውስጥ ለግንባታ የተጠየቁትን መሣሪያዎች በጊዜያዊና በተነጠለ ኢንቫይሮመንት ውስጥ አዲስ ያወርዳል፤ የላይኛው የስሪት ወሰን ካልተጻፈም የቅርብ ጊዜውን ይወስዳል።

ለምሳሌ ፓይያምል የተባለው ፓኬጅ 5.4.1 ስሪት ሳይተንን ያለ ላይኛ ወሰን ይጠይቅ ስለነበር፣ በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ሳይተን 3.0 እንደወጣ በየቦታው «ሳይተን ሶርስስ» የሚባል አትሪቢዩት የለም እያለ ይወድቅ ጀመር። ወሰኑ የተስተካከለው በ6.0.1 ስለሆነ ቀላሉ መፍትሄ ወደዚያ ማሻሻል ነው። ማሻሻል የማይቻል ከሆነ የግንባታ መሣሪያዎችን የስሪት ወሰኖች በሚጻፉበት ኮንስትሬይንት ፋይል መገደብ ይቻላል፤ አዳዲሶቹ የፒፕ ስሪቶች ለዚሁ «ቢልድ ኮንስትሬይንት» የሚባል የራሱ አማራጭ አላቸው። ግንባታው በተነጠለ ኢንቫይሮመንት እንዳይካሄድ የሚያደርገው «ኖ ቢልድ አይሶሌሽን» የሚለው አማራጭም ይሠራል፤ ነገር ግን ለግንባታው የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ የመጫኑ ኃላፊነት በእርስዎ ላይ ይወድቃል፤ በእኔ ግምት የመጨረሻ አማራጭ መሆን ይገባዋል።

ስህተቱ ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም ወይም በፒኬጂዩቲል ውስጥ ኢምፕኢምፖርተር አልተገኘም የሚል ከሆነ፣ አሮጌ ፓኬጅ ከፓይተን 3.12 ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ስሪት ሁለቱንም አስወግዷል። ወይ 3.12ን የሚደግፍ የፓኬጁን ስሪት መምረጥ፣ ወይ በ3.11 መገንባት ይሻላል።

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ለመገንባት የሚያስፈልገው «ፓይተን ነጥብ ኤች» የሚባል ፋይል ጠፋ የሚል መልእክት የስሪት ጉዳይ አይደለም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ «ፓይተን3-ዴቭ»ን መጫን ይበቃል።

ከተጫነ በኋላ

ሁሉም ተጭኖ ፓኬጁ ሲጠራ (በኢምፖርት ጊዜ) የነምፓይ፣ ማለትም የቁጥር ስሌት ፓኬጁ፣ ዲታይፕ መጠን ተለውጧል፣ ከሲ ሄደር 96 ሲጠበቅ 88 ተገኘ የሚል ስህተት ከመጣ፣ በነምፓይ 1 የተገነባ ፓኬጅ ከነምፓይ 2 ጋር እየሠራ ነው። ነምፓይ 2.0 በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የውስጥ አወቃቀሩ ስለተለወጠ፣ ቀድሞ ኮምፓይል የተደረገ ኮድ ከእርሱ ጋር አይስማማም። ለጊዜው ነምፓይን ከ2 በታች ማድረግ ይረዳል፤ ፓኬጁ የራስዎ ከሆነ ግን በነምፓይ 2 ይገንቡት፤ እንዲህ የተገነባው በ1 ላይም ይሠራልና።

«ፒፕ ቼክ» ይህን ችግር ላያሳይ ይችላል፤ የሚያነጻጽረው በሜታዳታ (ፓኬጁ ስለራሱ በሚይዘው መረጃ) የተጻፈውን ብቻ ነውና። ፓኬጁን አጥፍቶ እንደገና መጫንም ላይረዳ ይችላል፤ ፒፕ ከምንጭ ኮድ የገነባውን ዊል (ለመጫን ዝግጁ የሆነ የፓኬጅ ፋይል) በካሽ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማከማቻው፣ ስለሚያስቀምጥ ያንኑ የተበላሸውን መልሶ ያመጣዋል። እንደዚያ ሲሆን «ፒፕ ካሽ ሪሙቭ» ብሎ የፓኬጁን ስም በማስከተል አሮጌውን ዊል ማስወገድና ከዚያ በኋላ እንደገና መገንባት ያስፈልጋል።