አዲስ የገጠምነው ኤልኢዲ ለምን ይቃጠላል?

ኤልኢዲው ሳምንት ሳይሞላው ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚረግመው ሱቁን ነው። «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። እኔ ግን በሰሜን ሸዋ ከተሞች ስሠራ ካየኋቸው ብዙዎቹ የተጎዱት በተገጠሙበት ቀን ነው። የኔም እጅ አለበት።

ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ አልበራም

ይሄ ኮርኒስ ውስጥ በሚገባ ስፖት ላይ ይበዛል። ገጣሚው ድራይቨሩን፣ ማለትም የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለኤልኢዲው አመጣጥኖ የሚሰጠውን ሳጥን፣ አስቀድሞ ከመስመሩ ጋር አገናኝቶታል፤ ብሬከሩም አልወረደም። መሰላል ላይ ሆኖ ስፖቱን ይሰካል። ብልጭ! አለቀ።

የስፖት ድራይቨር በአብዛኛው የሚቆጣጠረው ከረንቱን፣ የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ነው። ጫፉ ላይ ስፖት ሳይሰካ ሲቀር ቮልቴጁን እስከቻለው ድረስ ይሰቅለውና ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅመው ካፓሲተር ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ስፖቱ ሲሰካ የተጠራቀመው በአንዴ ይወርድበታል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። ብሬከሩን አውርዱ። ስፖቱን ከድራይቨሩ አገናኙ፣ ቀጥሎ ድራይቨሩን ከመስመሩ፣ መጨረሻ ላይ አብሩ። ስፖት ቀይራችሁ መሞከር ካስፈለገም አጥፍታችሁ ትንሽ ጠብቁ፤ ካፓሲተሩ ወዲያው አይራገፍም። ደግሞ መሀሉ ላይ ያለውን ቢጫ ክብ በጣት አትጫኑት። ከሥሩ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ።

ስትሪፑ (እንደ ጥብጣብ የሚለጠፈው ኤልኢዲ) ላይ ሦስት ሦስት መብራት ጠፍቷል

ይሄን የተማርኩት ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ኅዳር ላይ፣ ውርጭ የጣለበት ጠዋት። የቤቱ እመቤት እንግዳ ይመጣባቸዋልና «ልጄ፣ እስከ ምሳ ጨርስልኝ» ብለውኛል። ስትሪፑ መኪና ውስጥ አድሮ እንደ ደረቀ ጠፍር ገትሯል። ጥቅልሉን እየጎተትኩ ፈታሁት፣ የጂብሰሙ ማዕዘን ላይ ስደርስ ጎንበስ አድርጌ አጠፍኩት። በራ። እሰየው አልኩ። በሳምንቱ እትዬ ደወሉ። ማዕዘኖቹ ላይ ጥቁር ጥርስ ወጥቶበታል፤ ሌላው ቦታ ማጣበቂያው ለቆ ስትሪፑ ተንጠልጥሏል።

የተለመደው የ12 ቮልት ስትሪፕ ሦስት ሦስት መብራት ተከታትሎ የታሰረበት ነው። ከሦስቱ የአንዱ ብየዳ ከተሰነጠቀ ሦስቱም ይጠፋሉ። እኔ ያጠፍኩት መብራቱ ራሱ ላይ ነበር። ማጣበቂያው ደግሞ ቀዝቃዛና የጂብሰም ዱቄት ያለበት ግድግዳ ላይ አይዝም።

የጠፋውን ክፍል መቁረጫ ምልክቱ ላይ ቆርጣችሁ በአዲስ ተኩ። ከምልክቱ ውጭ ከቆረጣችሁ ያቺ ክፍል አትበራም። ለቀጣዩ ስትሪፑን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ግድግዳውን በጨርቅ ጥረጉ። ስትለጥፉ በመብራቶቹ መካከል እንጂ በላያቸው አትጫኑ። ማዕዘን ላይ ቆርጣችሁ በሽቦ አያይዙት፤ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ግን ከእትዬ ስልክ ይሻላል። ሳትፈቱት እንደተጠቀለለ አብርታችሁ ለረጅም ጊዜ አትተዉት። ሙቀቱ መውጫ የለውም።

የስትሪፑ ጫፍ ደብዝዟል፣ ወይም ድራይቨሩ ይፋጃል

ሒሳብ ነው። በሜትር 14.4 ዋት የሚበላ 5 ሜትር ስትሪፕ 72 ዋት ይፈልጋል፤ በ12 ቮልት 6 አምፔር ማለት ነው። 60 ዋት ድራይቨር ከሰጣችሁት እየተቃጠለ ይሠራል። ባለ 100 ዋት ግዙለት። ከ5 ሜትር በላይ አትቀጣጥሉ፣ ጫፉ ይደበዝዛል፤ አዲስ ሽቦ ከድራይቨሩ ሳቡ። የ12 ቮልቱን 24 ላይ ከሰካችሁት ግን መፍትሄ የለውም፣ ተቃጥሏል። ጽሑፉን አንብቡ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ድራይቨር አይበረክትም

ቆላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር እጅ አያስገባም። ድራይቨሩን እዚያ ወርውራችሁ በላዩ ዕቃ ከከመራችሁ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ይደርቃል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ግድም ይቀንሳል። ከቆርቆሮው አርቃችሁ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ላይ እሰሩት። የጣርማበርን ተራራ ስትወጡ የሚያስቸግራችሁ ብርዱ ነው፣ ስትወርዱ ሙቀቱ።

አጥፍቼው ሌሊት ጭል ጭል ይላል

ማጥፊያው የቆረጠው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (መመለሻውን) ሊሆን ይችላል። አጥፉና አምፖል መያዣውን በቴስተር ንኩ። ቴስተሩ ከበራ መስመሩ ተገልብጧል፤ አምፖል የሚቀይረውን ሰው ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ብሬከሩን አውርዳችሁ አስተካክሉ።

የቤቱ መብራት ሁሉ በአንድ ቀን ተቃጠለ

እዚህ ላይ ገጣሚውን አትውቀሱት። ሦስት ፌዝ ያለበት ግቢ ከሆነ ዋናው ኒውትራል ላልቶ ይሆናል። ያኔ 220 የሚጠብቀው አምፖል ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ዋናውን ብሬከር አውርዱና መብራት ኃይል ጥሩ። አዲስ አምፖል ለመግዛት አትሩጡ፣ እሱም ይቃጠላል።