የማህፀን ማዮማ ሕክምናን ለመምረጥ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በአልትራሳውንድ ማዮማ የተገኘባት ሴት አስቀድማ ልታውቀው የሚገባት፣ ይህ የማህፀን እጢ ከጥቂቶች በስተቀር ካንሰር አለመሆኑንና ሕመም ወይም ብዙ ደም መፍሰስ ካላስከተለ በክትትል ብቻ ሊቆይ እንደሚችል ነው። ሐኪሙን ስለ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ስላለበት ቦታም ትጠይቅ፤ ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል የገባ ትንሽ እጢ፣ በውጭ በኩል ካለ ትልቅ እጢ የባሰ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ሞዴስ በየሰዓቱ የምትቀይርና የሚያዞራት ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ትሂድ። ለደም ማነስ የታዘዘላትን የአይረን ክኒን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር አትውሰድ፤ አቦሉ ለማይቀርበት የወሎ ሰው ይህ ቢከብድም፣ ቡናው ወደ ደም የሚገባውን አይረን ይቀንሰዋል።

የደም መፍሰሱን የሚቀንሱ መድኃኒቶችና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕ ለብዙዎች ይበቃሉ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ግን መውለድ የምትፈልግ ሴት እጢው ብቻ እንዲወጣ መጠየቅ ትችላለች፤ ሆኖም እጢው ተመልሶ ሊያድግ፣ የወደፊት ወሊዷም በኦፕሬሽን ሊሆን ይችላል። ማህፀን ሙሉ በሙሉ ከወጣ ማዮማው አይመለስም፣ እርግዝናም አይኖርም፤ ስለዚህ የስምምነት ቅጹን ባል ወይም ዘመድ ስለገፋፋት ሳይሆን፣ የሚወጣው እጢው ይሁን ማህፀኑ በግልጽ ከተነገራት በኋላ ራሷ ትፈርም።