ካደጉ በኋላ ሳይክል መልመድ፣ ማንም ከኋላ ሳይይዛችሁ

ትልቅ ሰው ሆኖ ሳይክል አለመቻል ከሚታሰበው በላይ የበዛ ነገር ነው፣ ብቻ ማንም አያወራውም። ባህር ዳር ወይ ሀዋሳ ያደገ ሰው ሜዳው ስለሚያግዘው በልጅነቱ ይለምዳል፣ አዲስ አበባ ግን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፣ ሰፈር ውስጥ የሚከራይ ሳይክል ቢገኝም ወረፋ ጠብቀህ ገና ስትወጣበት "ሰዓትህ አልቋል ውረድ" ነው፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ሳይክል ላይ ምን አወጣሽ የሚላት አይጠፋም። ስለዚ 30ውም 40ውም ካለፈ በኋላ መጀመር ምንም ነውር የለውም። እንደውም ትልቅ ሰው ሲነገረው ስለሚገባው ቶሎ ይለምዳል፣ የሚያስቸግረው ፍርሃቱ ነው። ልጅ ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሳል፣ እኛ ጋ ግን ነገ ስራ አለ፣ ጉልበት አለ፣ ሰው ምን ይላል አለ።

ለዛ ነው እግር መሬት እየነካ የሚለመድበትን መንገድ የምመክረው። ያ የድሮው፣ አንዱ መቀመጫውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ "ንዳ ንዳ፣ አለቅህም" እያለ መሃል ላይ የሚለቅበት ነገር ለትልቅ ሰው አይሆንም። የያዘው ሰው ወገቡ ይቆረጣል፣ የሚነዳውም ሚዛኑን ሌላ ሰው እየጠበቀለት ስለሆነ ምንም አይለምድም።

ሳይክሉን ማዘጋጀት

ማርካውን እርሱት፣ ቁመቱን እዩ። እግራችሁን ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ስትቆሙ የመሃሉ ብረት ጭናችሁ መሃል መንካት የለበትም። መሃሉ ዝቅ ያለው፣ የሴት ሳይክል የሚሉት፣ ለጀማሪ ወንድም ቢሆን ምርጥ ነው ምክንያቱም መውጣትና መውረዱ ቀላል ነው። ፍሬኑን ያዙና ወደፊት ግፉት፣ ጎማው ከዞረ ሳይሰራ እንዳትወጡበት። ጎማውን በአውራ ጣት ስትጫኑት ጠጠር ማለት አለበት፣ የላላ ጎማ ሳይክሉን ያከብደዋል መሪውንም ይጎትተዋል። ጎሚስታ ጋ ካስነፋችሁ ግን ቆማችሁ ተከታተሉ፣ ያ መጭመቂያ ለመኪና የተሰራ ስለሆነ ትንሿን የሳይክል ከመነዳሪ በአንዴ ሊያፈነዳት ይችላል፣ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይንፋላችሁ፣ ምን ያህል እንደምትችል ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

አሁን ዋናው ነገር፣ መቀመጫውን እስከታች አውርዱት። ተቀምጣችሁ የሁለቱም እግር ሙሉ ውስጥ እግራችሁ መሬት መንካት አለበት፣ የጣት ጫፍ አይበቃም። ከዛ ፔዳሎቹን አስፈቱ። ብዙ ጊዜ 15 ቁጥር ቁልፍ ነው የሚገባቸው። እዚጋ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገለበጠ ስለሆነ እንደሌላው ብሎን ሲፈታ ጭራሽ ይጠብቅበታል። መላው ቀላል ነው፣ ቁልፉን ቀጥ ብሎ ወደላይ እንዲቆም አድርጋችሁ ግጠሙና ወደ ኋላ ጎማ በኩል ግፉት፣ በሁለቱም ጎን ሲፈታ ወደኋላ ነው፣ ሲጠብቅ ወደፊት። እምቢ ካለ አትጨነቁ፣ ፔዳሉ እያለም ይሆናል፣ ቅልጥማችሁን ብቻ ጠብቁ።

አውሮፓ ያላችሁ በተለይ ሆላንድ፣ እዛ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት ፍሬን የሚይዝ ሳይክል ብዙ ነው፣ እሱን ፔዳሉን ብትፈቱት ፍሬኑም አብሮ ሄደ ማለት ነው፣ ለመልመጃ የእጅ ፍሬን ያለው ፈልጉ።

ቦታና ልብስ

ብዙ ሰው ብወድቅም አያመኝም ብሎ ሳር ሜዳ ይመርጣል። አይመከርም፣ ሳር ጎማውን ይይዘዋል ሳይክሉ ፍጥነት አያገኝም፣ ፍጥነት ከሌለ ደግሞ ሚዛን የለም። ጠጠርማ ጊቢም ያንሸራትታል። የሚሻለው ለስላሳ አስፋልት ወይ ሲሚንቶ ሆኖ በጣም ትንሽ፣ ኳስ ብታስቀምጡበት ቀስ ብላ የምትንከባለልበት ቁልቁለት ነው፣ የትምህርት ቤት ጊቢ፣ ባዶ ፓርኪንግ፣ እሁድ በጠዋት። ተመልካች ከሌለ ትከሻም ዘና ይላል። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገድ ለሰው በሚኖርበት እሁድ መንገዱ ለመኪና ስለሚዘጋ አሪፍ ነው፣ ግን ሰውና ህጻን ስለሚበዛ መሪ መያዝ ከለመዳችሁ በኋላ ብትሄዱ ይሻላል።

ሰንሰለቱ ያለው በቀኝ ስለሆነ የቀኝ ሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ የጫማ ክር ደብቁ፣ ነጠላና ረጅም ሻርፕ ቤት ይቅር። ሄልሜት ያስፈልጋል። ጓንት ካላችሁም አድርጉ፣ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚልከው እጁን ነው።

ያለ ፔዳል መንሳፈፍ

ሳትወጡበት ጎን ለጎን ይዛችሁት ተራመዱ፣ ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ የቱ እጅ የፊቱን የቱ የኋላውን እንደሚይዝ እወቁ ምክንያቱም ከሳይክል ሳይክል ይለያያል። የፊቱን ብቻ ጨምድዶ መያዝ በመሪው ላይ አሻግሮ ሊወረውር ይችላል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀስ አድርጋችሁ።

ከዛ ተቀመጡና በእግራችሁ ተራመዱ። በቃ ተቀምጦ መራመድ፣ የሚያስቅ ይመስላል ይሁን። ትንሽ ሲቀላችሁ እርምጃውን አስረዝሙት፣ ከዛ ሁለት እግራችሁን አንድ ላይ መሬቱን ገፍታችሁ አንሷቸው፣ ሲያዘነብል አውርዱ፣ ደግሞ ግፉ።

እዚጋ ቀስ በሉ፣ ሙሉው ትምህርት ይሄ ነው። አብዛኛው ሰው ሳይክል የሚቆመው ሰውነትን ሚዛን አድርጎ በመያዝ ይመስለዋል፣ ስለዚ ወደ ግራ ሲያዘነብል ደንግጦ መሪውን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፣ ከዛ መሬት ነው። ነገሩ ግልባጩ ነው፣ ወደ ግራ ከወደቀ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከወደቀ ወደ ቀኝ። ጎማዎቹ ከስራችሁ ገብተው ቀና ያደርጓችኋል፣ መጥረጊያ መዳፍ ላይ አቁሞ እንደመያዝ፣ ወደሚወድቅበት እጅህን ታስከትለዋለህ። ጭንቅላት ሲሰማው እንቢ ይላል፣ እግር መሬት ስለሚደርስ ግን ደጋግሞ መሞከር ይቻላል፣ ከሆነ ሰዓት በኋላ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

አይናችሁን ከፊት ጎማው ላይ አንሱ። ቢያንስ አስር ሜትር ወደፊት እዩ፣ ያየኸው ጋ ነው የምትሄደው፣ ድንጋዩን ካየህ ድንጋዩ ላይ ነው። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ፣ ትከሻችሁ ጆሮ ጋ ከደረሰ ቆም ብላችሁ ተንፍሱ። ከአንድ እስከ አምስት ቀስ ብላችሁ ቆጥራችሁ እግር ሳታወርዱ ከተንሳፈፋችሁ፣ ትንሽ ወደ ግራና ቀኝም ማጠፍ ከቻላችሁ፣ ሳይክል ችላችኋል፣ የቀረው እግር ማንቀሳቀስ ነው።

ፔዳሉ ሲመለስ

ፔዳሎቹን ግጠሙ፣ መቀመጫው ግን ለጊዜው እዛው ይቆይ። ማርሽ ካለው መካከለኛው ላይ አድርጉት፣ በጣም ቀላሉ እግር ባዶውን ያሽከረክራል ከባዱ ደግሞ ሲነሳ ያንገዳግዳል። አንዱን ፔዳል ወደላይ፣ ትንሽ ወደፊት ያለፈ አድርጉት፣ እግር ጫኑበት፣ ሌላው መሬት ላይ፣ ፍሬን ለቃችሁ በርትታችሁ እርገጡት። ያ አንድ እርግጫ ለመንሳፈፍ ይበቃል፣ ሁለተኛውን ፔዳል ወደታች እያያችሁ አትፈልጉት፣ እግራችሁ ራሱ ያገኘዋል። ስትቆሙ ፍሬን ቀድሞ እግር ተከትሎ ነው፣ ሳይቆም እግር መጎተት ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ስትታጠፉ በምትታጠፉበት በኩል ያለው ፔዳል ወደላይ ይሁን አለበለዚያ መሬት ይነካል።

ሲመቻችሁ መቀመጫውን ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበት ሊዘረጋ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ። ዝቅ ብሎ ከቀረ ዳገት ላይ ጉልበት ያሳምማል። ዳገቱ ላይ መተንፈስ ካቃታችሁ ወርዳችሁ ግፉት፣ አዲስ አበባ ነው፣ ማንም አይፈርድም።

መንገድ ላይ

ወደኋላ ዞሮ ማየት ሳይክሉ ሳይጠመዘዝ ካልቻላችሁ፣ በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው ምልክት መስጠት ካልቻላችሁ ገና ናችሁ፣ የሳይክል መስመር ባለበት አካባቢ ቆዩ። ከወጣችሁ በቀኝ፣ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ። የባቡር ሃዲድ ስታቋርጡ ቀጥ ብላችሁ አቋርጡት፣ በሰያፍ ከሄዳችሁ ጎማው መሃሉ ይገባል፣ ሲዘንብማ ብረቱ ራሱ ያንሸራትታል። ከቆመ መኪና ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ፣ በር ሳያይ የሚከፍት አለ። ሚኒባስ ታክሲ ከፊታችሁ ፍጥነት ከቀነሰ በቀኙ ሾልኮ ማለፍ አይሞከርም፣ በሩ በዛ በኩል ነው የሚከፈተው፣ ወያላው ገና ሳይቆም ይዘላል፣ ተሳፋሪውም ተከትሎት ይወርዳል፣ ስለዚ ከኋላው ራቅ ብላችሁ ቁሙና አውርዶ ጭኖ እስኪሄድ ጠብቁት።