ከከርዳዳ ፀጉር ጋር ስንጣላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ፀጉር መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የራሴም ፀጉር ከርዳዳ ነው። ቃሉን እንደ ስድብ የሚሰሙት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ስሙ ስለሆነ እጠራዋለሁ። በየዘፈኑ የሚሞገሰው ዞማ ፀጉር ነውና ከርዳዳ ያላት ልጅ ገና ከሕፃንነቷ የጎደላት ነገር ያለ ይመስላታል። በጣሊያን ጊዜ አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን አሳድገው ጫካ ለጫካ ሲዞሩ ግን ማንም «ምነው ባለሰለሳችሁት» አላላቸውም።

በዚህ ሁሉ ዓመት በጣም ያንገበገበኝን ላስቀድም። ደረቅ ፀጉር ማበጠር ነው።

እሑድ ማታ ነው። ልጅቷ ሰኞ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እናት በርጩማ ላይ ትቀመጥና ልጇን ጉልበቷ መሃል ታስገባለች። ጥርሱ የጠበበ ማበጠሪያ ታነሳለች። ከዚያ ከሥር ጀምራ ወደ ታች መጎተት ነው፤ ያውም ደረቁን! ልጅቷ ትጮኻለች። «ዝም በይ! ይህን ሽቦ ከየት እንዳመጣሽው» ትባላለች። ከየት ታምጣው? ከአንቺ ነዋ፣ እናቴ! አንቺም በልጅነትሽ እንደዚሁ ስታለቅሺ ነው ያደግሽው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራስ ቆዳችን ወዝ ያመነጫል። ሉጫ ፀጉር ላይ ወዙ እንደ ልቡ እስከ ጫፍ ይወርዳል። የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን መታጠፊያው ስለሚበዛበት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጫፉ ሁልጊዜ ይደርቃል። የሚበጠሰውም እነዚያ መታጠፊያዎች ላይ ነው። ከሥር ጀምረሽ ስትጎትቺ ትንንሹን ቋጠሮ ሁሉ ወደ ታች እየገፋሽ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ታደርጊዋለሽ። ከዚያ «ፀጉሯ አያድግም» ትያለሽ። ያድጋል እኮ! በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። አንቺ እሑድ እሑድ እየበጠስሽው ነው እንጂ።

መጀመሪያ ውሃ ነስንሺበት። ኮንዲሽነር ካለ ቀቢው፤ ከሌለ ትንሽ ዘይት ይበቃል። አራት ቦታ ክፈይው። በጣትሽ ፍቺው። ከዚያ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ሚዶ ከጫፍ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ሥር ውጪ። ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በሌላው እጅሽ ጨብጠሽ ያዢ፤ ያን ጊዜ ጉተታው ራሷ ድረስ አይደርስም። አንዴ የስምንት ዓመት ልጅ አመጡልኝ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ሚዶውን ገና አላነሳሁም ነበር። ያን ቀን ማበጠሩን ትቼ ውሃ ብቻ እየነሰነስኩላት ስንጫወት ዋልን። በሦስተኛው ጊዜ ነው ያስነካችኝ።

ወደ ቅቤ ልምጣ። ቅቤን አታጣጥዪብን እንዳትሉኝ፤ እኔም ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ እየቀለጠ ነው ያደግኩት። ስህተቱ ቅቤን እንደ ውሃ መቁጠር ነው። ቅቤ ፀጉር ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ይዘጋል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ደረቅ ፀጉር ላይ ከለጠፍሽው ድርቀቱን ዘጋሽበት ማለት ነው። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ሌላ ጣጣ ነው። ታጥበሽ ፀጉርሽ ገና እርጥብ እንዳለ፣ ትንሽ፣ በተለይ ጫፉን ቀቢ። ትንሽ ስል የምሬን ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ስሄድ «እስክደርስ ይለሰልስልኛል» ብዬ አናቴን ሞልቼ በሻሽ አሰርኩት። ደጀን ድረስ ብርድ ስለነበር ምንም አልሆነም። ከዚያ ዓባይ በረሃ ወረድን። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ሙቀቱን የሄደ ያውቀዋል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቅቤው በጆሮዬ፣ በአንገቴ፣ በነጩ ቀሚሴ ላይ ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ምንም ሳይናገሩ መስኮቱን ከፈቱት።

ፔስትራ፣ ፀጉር መተኮሻው ብረት። እርጥብ ፀጉር ላይ አይደረግም፤ «ችስ» የሚለው ድምፅ ፀጉር ውስጥ ያለው ውሃ ሲፈላ ነው። በደንብ ደርቆ፣ ሙቀት መከላከያ ተቀብቶ፣ አልፎ አልፎ ከሆነ አልጣላሽም። ጥር በመጣ ቁጥር ግን ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ስትተኩስ የከረመች ሙሽራ አታጣኝም። ጤነኛ ፀጉር ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይጠቀለላል። የተቃጠለው አይመለስም፤ ግንባር ላይ እንደ ገለባ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ለእሱ ደግሞ ትሪትመንት ብታፈሺበት ዋጋ የለውም፤ መድኃኒቱ መቀስ ነው። ሪላክሰርም፣ ፀጉር ማለስለሻው ኬሚካል፣ እንደዚሁ ነው። አንዴ የነካው ፀጉር አይመለስም፤ አዲሱ ከሥር እስኪያድግ መጠበቅ ነው። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ለሚሄዱትማ ምን ልበል፤ በጣና እርጥበት ውስጥ የሁለት ሰዓት ካውያ ሳይመሽ ይነሳል።

ጠበቅ ያለ ሹሩባ ይበረክታል ይላሉ። ፊትሽን ከወጠረሽ፣ ሌሊት ካላስተኛሽ፣ ግንባርሽ ዳር ትንንሽ ብጉር ካወጣ ፍቺው። ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ አትበይ። የግንባር ፀጉር እየሳሳ ሲሄድ በጊዜ ከተውሽው ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ይሞታል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እያጠበቅሁ እሠራ ነበር፤ ደንበኛ ስታመሰግነኝ ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ፎጣ ይቅር። በአሮጌ ነጠላ ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አውጡ፤ አትፈትጉት።

እየደረቀ ሳለ አትነካኩት። የሚንጨባረረው በአብዛኛው ከእጃችሁ ነው።

የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው።

ሌሊት ሻሽ እሰሩ፤ የሚያዳልጥ ጨርቅ ቢሆን ይሻላል፤ ጥጡ እርጥበቱን ይመጥባችኋል።

የጓደኛሽን ፎቶ ይዘሽ «እንደዚህ ይጠቅለልልኝ» አትበዪኝ። አንድ ራስ ላይ እንኳ የኋላውና የፊቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የእኔ ማጅራቴ ላይ ላላ ያለ ነው፣ አናቴ ላይ በርበሬ ፍሬ ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉም ተልባ ሆኗል። ደስ ይለኛል፤ ርካሽ ነው፣ በየቤቱ አለ፣ ጥቅልሉን ሰብስቦ ይይዛል። ግን ባለፈው አንዷ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በጥብጣ ተቀብታ መጣች። የጾም መጠጥ እኮ ነው የተቀባሽው! ፍርፋሪውን ስለቅም ዋልኩ። የሚፈለገው ያልተቆላ፣ ያልተፈጨ ፍሬ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ተልባ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ፤ እያማሰላችሁ አፍሉት፤ እንደ እንቁላል ነጭ መለግለግ ሲጀምር አውርዱ። ወዲያው፣ ትኩሱን አጥልሉት። ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት በላይ አታቆዩት፤ ይሸታል።

ትኩሱን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ቀን «ይቀዝቅዝ» ብዬ ተውኩትና ቡና ጠጥቼ ስመለስ ተልባውና ዝልግልጉ አንድ ሆነው ጠበቁኝ። በእናቴ ወንፊት ላስጨንቀው ብዬ ወንፊቱን ቀደድኩት። እስከ ዛሬ ዱቄት በነፋች ቁጥር ታነሳብኛለች።