የእጅ አንጓ ስብራት፦ ጀሶው ሲፈታ እጅን እንዴት ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል?

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ የስብራት ዓይነት ብቻ ነው። ሰው ሲወድቅ በመዳፉ መሬት ይደገፍና በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት አንጓው አጠገብ ይሰበራል፤ እኔንም ያገኘኝ ይኸው ነው። ጀሶው ለአዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። አጥንቱ በዚህ ጊዜ ይያያዛል፣ መገጣጠሚያውና ጅማቱ ግን ደርቀው ይጠብቁዎታል። ስብራቱ መያያዙን ሐኪም በራጅ አይቶ ሳይፈቅድልዎ አንጓውን ማንቀሳቀስ አይጀምሩ።

ለጣቶች ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ጀሶውን ያሰሩልኝ ሰዎች ስለ ጣቶቼ አንድም ቃል ሳይነግሩኝ ወደ ቤት ሰደዱኝ፤ ጀሶው ሲፈታ ከአንጓዬ ይልቅ ያስቸገሩኝ ጣቶቼ ነበሩ። ሐኪሙ ካልከለከለዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቶችዎን ሙሉ በሙሉ ይዘርጉ፣ ሙሉ በሙሉ ይጨብጡ። ክርንና ትከሻንም ያንቀሳቅሱ፤ ክንድን ቀኑን ሙሉ ከአንገት ላይ አንጠልጥሎ መዋል ትከሻን ያደርቃል። ሲቀመጡና ሲተኙ እጅዎ ከልብዎ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ይረፍ።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ እጅዎን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩና እዚያው ይጀምሩ። ጣቶችዎን ቀጥ ያድርጉ፤ ከዚያ የላይኞቹን ሁለት መገጣጠሚያዎች ብቻ አጥፈው መንጠቆ ይሥሩ፤ በመጨረሻ ሙሉ ቡጢ ይጨብጡ። መንጠቆውን አይዝለሉት። እያንዳንዱን ጣት የሚያጥፉት ሁለት ጅማቶች አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተትን የሚለማመዱት በእሱ ነው።

አንጓውን ለማጠፍና ለመዘርጋት ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው እጅዎ ከጠርዙ ውጭ ይንጠልጠል። ወደ ላይ ሲያነሡ ጣቶችዎ ላላ ብለው የተጨበጡ ይሁኑ፤ ከተዘረጉ የአንጓውን ሥራ እነሱ ይወስዱበታል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው መዳፍን ወደ ጣሪያ በማዞር ላይ ነው። ክንድ ውስጥ ሁለት አጥንቶች አሉ፤ መዳፍ ሲዞር የተሰበረው አጥንት በሌላኛው ዙሪያ ይዞራል። ሁለቱ አንጓው አጠገብ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ የስብራቱ ጎረቤት ስለሆነ አብሮ ይደርቃል። ታክሲ ውስጥ መልስ መቀበልም ሆነ በእፍኝ ውሃ ፊትን መታጠብ ያለዚህ እንቅስቃሴ አይሆንም።

ችግሩ ሰውነት ማጭበርበር ማወቁ ነው። ክርን ከቦታው ይነሣል፣ ወገብ ወደ ጎን ያዘማል፣ መዳፉም የዞረ ይመስላል፤ ክንዱ ግን አልተነቃነቀም። ስለዚህ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ክርንዎን 90 ዲግሪ ያጥፉና በክርንዎና በጎድንዎ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ይያዙ። ፎጣው ከወደቀ እንደገና ነው። አውራ ጣትዎ ወደ ላይ እያመለከተ ይጀምሩ፤ መዳፍዎን በቀስታ ያዙሩ፤ የቆመበት ቦታ ላይ እስከ 10 ቆጥረው ይመልሱ። ወደ ታችም እንዲሁ። ጤናማ ክንድ ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ 80 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ በሁለቱም እጅዎ ብዕር ጨብጠው መስተዋት ፊት ቢያነጻጽሩ የቀረዎትን ያዩታል።

ይህ ሲቀልዎት ከማድ ቤት የእንጨት ማማሰያ ያምጡ። አቁመው ይያዙትና ቀስ ብሎ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይተዉት፤ የተቀረውን ክብደቱ ይሠራዋል። ወገቡ ላይ ሲይዙት ይቀላል፣ ጫፉ ላይ ሲይዙት ይከብዳል። መዶሻ የሚመክሩ አሉ፤ ለደከመ እጅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ይበዛል።

ሁሉንም በየቀኑ አራት አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ዙር አሥር አሥር ጊዜ ይሥሩ። መወጠር ይሰማዎታል፤ በማግስቱ እብጠቱ ከጨመረ ግን በዝቷል ማለት ነው። ሌላ ሰው በጉልበት እንዲስብልዎ ወይም እንዲያሽልዎ በፍጹም አይፍቀዱ፣ ወጌሻም ይሁን ዘመድ። እብጠትና ሕመም ሲጨምር እጁ ይበልጥ ይደርቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት የላስቲክ ኳስ የሚገዛም አለ። ኳስ እጅን ግማሽ መንገድ ብቻ ያስጨብጣል፣ መዘርጋትን አያስተምርም። ጉልበት የሚመጣው በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ ሊጥ ማሸትና እርጥብ ፎጣ መጭመቅ ይበቃል። የመጨበጥ ኃይል ለመመለስ ወራት ይፈልጋል።

የሚያቃጥል ሕመም ከቆዳ ቀለም ለውጥና ከላብ ጋር ከመጣ፣ ወይም አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ከደነዘዙ ሐኪም ጋር ይመለሱ። አንድ ተጨማሪ ምርመራ በየጊዜው ያድርጉ፦ መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አውራ ጣትዎን ብቻ ወደ ላይ ያንሡ። ትናንት ይነሣ የነበረው ዛሬ ድንገት እምቢ ካለ፣ ባያምዎትም እንኳ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ከቦታው ባልተንቀሳቀሰበት ቀላል ስብራት ላይም ከሳምንታት በኋላ ይህ ያጋጥማልና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።