ወታደራዊ አብራሪ ለመሆን ከ9ኛ ክፍል የሚጀመር ዝግጅት፦ ለወሎ ተማሪዎች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ጆሯችሁ ድፍን ይላል። ምራቃችሁን ስትውጡ ደግሞ ይከፈታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። ያንን ስድስት መቶ ሜትር ሚኒባሱ ጊዜ ወስዶ ይወርደዋል፤ ተዋጊ ጄት ግን በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ጉንፋን ይዞት ጆሮው ያልተከፈተለት አብራሪ በዚያች ቅጽበት የጆሮው ታምቡር እስከ መቀደድ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ያነሣሁት ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ “ስንት ውጤት ያስፈልጋል?” ብለው ስለሆነ ነው። ውጤት የግድ ነው። ነገር ግን ውጤቱን ይዞ የሕክምና ምርመራው ላይ የሚቀር ልጅ አለ፤ ያ ደግሞ ቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ከደብተሩ በፊት በሰውነታችሁ ጀምሩ።

ዓይናችሁን አሁኑኑ ተመርመሩ

በፊዚክስ ክፍሉን የሚመራ ተማሪ ነበረኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሕልሙ አብራሪነት ነበር። 12ኛ ክፍል እያለ፣ በባለ ቀለም ነጠብጣቦች መካከል ቁጥር የተደበቀበትን የኢሺሃራ መጽሐፍ አሳየሁት። ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ያዘው፣ አራቀው፣ አቀረበው። “መምህር፣ ነጠብጣብ ብቻ ነው የማየው” አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ጓደኞቹ ቁጥሩን ወዲያው አንብበውት ነበር። ቀይና አረንጓዴን ለይቶ አለማየት በአብዛኛው ሲወለዱ የሚመጣ፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ የሚበዛ፣ በመድኃኒት የማይድን ችግር ነው። ባለቤቱም ቀለም ሲሳሳት ካልታየ በቀር አያውቀውም። የአውሮፕላን ክንፍ መብራት በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ ስለሆነ ይህን መለየት ለአብራሪ የሕይወት ጉዳይ ነው። ያ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ቢያውቀው ኖሮ ሐዘኑ ይቀልለት ነበር፤ እኔም ቀድሜ ባለማሳየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ 9ኛ ክፍል ስትገቡ የዓይን ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሂዱ። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ አገልግሎት የታወቀ ነው። ርቀት፣ ቅርበትና ቀለም መለየታችሁን አስለኩ። በክልላችን ትራኮማ አሁንም የብዙ ሰው ዓይን የሚጎዳ በሽታ ነውና ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

ጆሮና ጥርስም እንዲሁ ናቸው። የተበላሸ ጥርስ ውስጥ የታሰረ አየር ከፍታ ላይ ሲሰፋ ሕመሙ አያስቀምጥም፤ በጊዜ አሳክሙት። ጫትን ደግሞ ተዉት። ወሎ ውስጥ ይህን መናገር እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ሆኖም የልብ ምትን የሚያፋጥንና እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ከአብራሪነት ጋር አብሮ አይሄድም።

ሰውነት ማሠልጠን

ሩጫ ብቻ አይበቃም። አውሮፕላን 60 ዲግሪ አጋድሎ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር የአብራሪው ክብደት እጥፍ ይሆናል። እንደ ሱኮይ 27 ያለ ተዋጊ ጄት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 540 ኪሎ የሆነ ያህል ወንበሩ ላይ ይጣበቃል ማለት ነው። ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል፣ ዓይን መጀመሪያ ግራጫ ከዚያም ጨለማ ያያል፣ ቀጥሎ ራስን መሳት ይመጣል። አብራሪው ይህን የሚቋቋመው እግሩንና ሆዱን አጥብቆ ወጥሮ፣ በአጭር በአጭሩ እየተነፈሰ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕና የሆድ ጡንቻ ሥራ ከሩጫው እኩል ያስፈልጋችኋል። በሳምንት አራት ቀን፣ ሳታቋርጡ።

ትምህርቱ

የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ምረጡ። ፊዚክስንና ሒሳብን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱ፤ ቀመሩ ሰማይ ላይ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የአየር ኃይሉ ዋና መቀመጫ ከሆነችው ቢሾፍቱ እስከ ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብራሪው አቅጣጫውን በአንዲት ዲግሪ ብቻ ቢስት መጨረሻ ላይ ከአራት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ይገኛል። ደመና በሸፈነው ቀን፣ በእኛ ተራሮች መካከል፣ አራት ኪሎ ሜትር ብዙ ነው። ትሪጎኖሜትሪ ምን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ይህን ሥሌት ራሱ ይሞክረው።

እንግሊዝኛችሁንም አጠንክሩ፤ ማንበብን ብቻ ሳይሆን ሰምቶ መመለስን። የበረራ መማሪያዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በሬዲዮ የሚመጣ ትእዛዝ ደግሞ ፈጣንና የተቆራረጠ ነው። የእንግሊዝኛ ዜና በሬዲዮ እየሰሙ ቁጥሮቹን ብቻ መጻፍ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሰነድና ምዝገባ

የአየር ኃይሉ የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ የምዝገባ ጊዜው አጭር ሊሆን ይችላል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ውጤትና የጋብቻ ሁኔታ የሚወሰኑት በዚያው ማስታወቂያ ላይ በተጻፈው ነው፤ ያለፈውን ዓመት ሰምታችሁ አትወስኑ። የመከላከያ ሠራዊትንና የአየር ኃይሉን ይፋዊ ገጾች፣ ቴሌቪዥኑንና የወረዳውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ተከታተሉ። ገንዘብ ተቀብሎ አስገባችኋለሁ የሚል ደላላ ሌባ ነው፤ አታናግሩት።

ወረቀታችሁን ከወዲሁ አስተካክሉ። በእኛ አካባቢ ትልቁ ጣጣ የስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፋይዳው ላይ በሌላ ዓይነት ፊደል ይገኛል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ አንድ ዓይነት ስምና የትውልድ ቀን ይያዙ።

ሴት ተማሪዎች ደግሞ “ይህ የወንድ ነው” የሚላችሁን አትስሙ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሴት አብራሪዎች አንዷ የሆነችው ሙሉእመቤት እምሩ የበረራ ትምህርት የተማረችው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው።

መጀመሪያ ወታደር ናችሁ

ደሴ ይህን ታውቃለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት አውሮፕላኖች ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም። ሰማይ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ግን አብራሪ የሚሆን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወታደር ነው፤ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ወደታዘዘበት ይሄዳል፣ በእጁ ያለው መሣሪያ ሰው እንደሚገድል ያውቃል። ይህን ከራሳችሁና ከቤተሰባችሁ ጋር ሳትመክሩበት አትፈርሙ። ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለበት ውሉ ላይ አንብቡ፤ ለአባትና ለእናታችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። “አብሽር” ካሏችሁ፣ ምን እንደምትገቡበት አውቀው ይበሏችሁ።

ከገባችሁ በኋላ

መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ይቀድማል። ከዚያ የክፍል ትምህርት አለ፦ የአየር ጠባይ፣ ሞተር፣ የበረራ መሣሪያዎች፣ አቅጣጫ መፈለግ። በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን መሬት ላይ በሚያስመስል መሣሪያ፣ ከተለማመዱ በኋላ ከመምህር ጋር በመለማመጃ አውሮፕላን መብረር ይመጣል። አንድ ቀን መምህሩ ከአውሮፕላኑ ወርዶ “ብቻህን ሂድ” ይላል። የእርሱ ክብደት ስለሌለ አውሮፕላኑ ከለመዳችሁት ቀደም ብሎ ከመሬት ይነሣል፤ በዚያ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ምድብ አለ፦ ተዋጊ ጄት፣ ማጓጓዣ አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር። ምድቡ የሚሰጠው በችሎታና በአየር ኃይሉ ፍላጎት እንጂ በምኞት አይደለም። ጄት ተመኝቶ ሚ 17 ሄሊኮፕተር የደረሰው ሰው የሚያዝንበት ምክንያት አይታየኝም። በደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሄሊኮፕተሩ የላይኛው መቅዘፊያ የሚይዘው አየር ያንሳል፤ ሊሸከም የሚችለው ጭነትም ይቀንሳል። በዚያ ሁኔታ ነፋስ በሚያዞረው ሸለቆ ውስጥ፣ ጠባብ ሜዳ ላይ ወርዶ ቁስለኛ ጭኖ መነሣት ከአብራሪነት ሥራዎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው።